ጣና ውስጥ ዓሣ ሳላባርር መቆየትን እየተማርኩ ነው፦ ስድስተኛ ሳምንት

ሰላም ጓዶች። ባለፈው «ነጭ ዓሣ (ነጭ ዓሣ የሚባለው የጣና ዓሣ ዓይነት ነው) ገና ሳላየው ያየኛል» ብዬ ነበር። ስድስት ሳምንት ሞላኝ፤ ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል።

ስኩባ የለመድኩት ለሥራ ጅቡቲ ሳለሁ ነው። እዚያ የምተነፍሰውን አየር የያዘ ሲሊንደር አዝዬ ስወርድ ዓሦቹ ትንፋሼን ይቆጥሩ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሳስወጣ አረፋው ሲንጎዳጎድ ፈንጠር፣ ስስብ ደግሞ ጠጋ። አሁን ባሕር ዳር ያለኝ ማስክ፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ብቻ ነው። ዘጌ ዳርቻ፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ እገባለሁ። አረፋ ስለሌለኝ ይቀርቡኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ራቁኝ።

አንድ ቀን አጠገቤ መረብ የሚያነሱ አዛውንት ከታንኳቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛ ዓሣ ወደ መረብ ስንነዳ ውኃውን እንመታለን። አንተስ በእግርህ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ። «እየዋኘሁ ነው አባባ» አልኩ። «ዓሣው ግን እየነዳኸኝ ነው ይላል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዓሣ ደግሞ ከጆሮው ሌላ በጎኑ በኩል ከራሱ እስከ ጅራቱ የውኃ እንቅስቃሴ የሚሰማበት መስመር አለው። ነጭ ዓሣና አምባዛ በዚህ ላይ የአየር ከረጢታቸውን ከጆሯቸው የሚያገናኙ ጥቃቅን አጥንቶች አሏቸው፤ ቀረሶ እነዚህ የሉትም። ነጭ ዓሣ ከቀረሶ ቀድሞ የሚሰወረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መረብ የለመደ ዓሣም የውኃ ምት ሲሰማ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ መቅዘፊያውን አወለቅሁት። ከጥልቁ ሳልደርስ፣ ደረቴ ድረስ በሚደርስ ውኃ ላይ በሆዴ ተንሳፍፌ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ መጠበቅ ጀመርኩ። ውኃው ድፍርስ ነው፤ በደህና ቀን ሁለት ክንድ ባይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም የለም። ቀጥሎ ትንንሾቹ መጡ፣ ያስነሳሁትን ደለል ሊለቅሙ።

ሐሙስ ዕለት ያየሁትን ግን አልረሳውም። አንዲት ቀረሶ ከደንገሉ ሥር ቆማለች፤ ፊቷ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጫጩቶቿ ናቸው። ቀረሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፣ ከተፈለፈሉም በኋላ ለጥቂት ቀናት አፏ መሸሸጊያቸው ነው። ጣቴን ብቻ አነቃነቅሁ። ወዲያው ተግተልትለው አፏ ውስጥ ገቡ፤ ጉንጯ ተነፋ፣ ወደ ኋላ ወደ ደንገሉ ፈቀቅ አለች። ጣቴን በማነቃነቄ ቆጨኝ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ያለ ታንኳና ያለ ጠባቂ አትግቡ፣ ጉማሬ አለ። ቢልሃርዚያም ስላለ እኔ በየጊዜው እመረመራለሁ። ሲሊንደር ያላችሁ ደግሞ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ግድም ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ከፍታው ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ የባሕሩን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየውን) እንዳለ መጠቀም አደጋ አለው።

በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ደንገል ሥር እመለሳለሁ፤ እጄን ብብቴ ውስጥ ይዤ።