ከቱሉ ዲምቱ ወደ ሰመራ፦ በክረምት፣ በሞተር ሳይክል

ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ዳር ካለው ቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ሞተረኛ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ነው የሚወጣው። ጠዋቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ነው፣ ጉሙ አልተገለጠም፣ የአቃቂ ጭቃ ጎማ ላይ ይለጠፋል። ወደ 590 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሰመራ ግን በዚያው ወር ቀትር ላይ 40 ዲግሪን ያልፋል። አዲስ አበባ ሲከርም አፋር ይነድዳል። ችግሩ ዝግጅቱን የምንሠራው በብርዱ አገር መሆኑ ነው፤ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ ደህና የመሰለው ሁሉ 1,900 ሜትር ቁልቁል ከወረደ በኋላ ጠባዩን ይለውጣል።

መነሻችንን ከከተማው ዳር ያደረግነው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሞተር ሳይክልን የምታስተናግደው በፈቃድ ነው። ሻንጣና ዕቃ በሚኒባስ ይመጣል፣ ሞተሩ ዳር ላይ ይጠብቃል። ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ከዝናቡም ከላቡም በሚጠብቅ ላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ መንገዱ ላይ ኬላ አይጠፋም።

ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር እንጀምር። አዲስ አበባ ባለችበት 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የአዲስ አበባ መካኒክ ጥቁር ጭስ ሲያይ ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ በአነስተኛ ቁጥር ይቀይረዋል። ለዚህ ከፍታ ልክ ነው። ያው ጄት 430 ሜትር ላይ ወዳለው ሰመራ ሲወርድ ግን አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል፤ እንዲህ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ፒስተን ያግላል። ሙቀት ራሱ አየሩን ስለሚያሳሳው በከፊል ያካክሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። የ12 ዲግሪው የአዲስ አበባ አየርና የ42 ዲግሪው የሰመራ አየር ሲነጻጸሩ የታችኛው አሁንም ከ10 በመቶ በላይ ይከብዳል።

ስለዚህ የፋብሪካው ጄት ተቀይሮ ከሆነ ተፈልጎ ይያዛል፣ የሚገባውም አዋሽ ላይ ነው። መፈተኛው ካንዴላ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር በአንድ ፍጥነት ተነድቶ፣ ፍሪሲዮን ተይዞ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ሲበርድ ካንዴላው ይነቀላል። ጫፉ ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት ሞተሮች ይህን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ባለቤቶቻቸው በዚህ በኩል ይተኙ።

ዘይቱ ከጉዞው በፊት ይቀየራል፣ 20ደብሊው-50 ለዚህ ሙቀት ይስማማል። የ150 ሲሲ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ማነስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ይታያል፣ ግማሽ ሊትር መጠባበቂያ ይያዛል። ካቴናውን በዘይት ማጥለቅለቅ አሸዋ መለቅለቅ ነው። ማታ ገና ሳይበርድ በ90 የማርሽ ዘይት ይታሻል፣ ጠዋት በጨርቅ ከላይ ይጠረጋል።

ጎማ ላይ የተለመደው ስህተት «በረሃ ስለሆነ ይነፋል» ብሎ ከዱከም ሳይወጡ ማስተንፈስ ነው። ስሌቱን እንየው። ጠዋት በ12 ዲግሪ 28 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ወደ 42 ዲግሪ ሲገባ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ነገር ግን ዝቅታው ላይ የውጪው አየር ግፊትም በ3 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚጨምር መለኪያው የሚያሳየው ልዩነት አንድ ፒኤስአይ ቢሆን ነው። ዕቃ የጫነውን የኋላ ጎማ ያስተነፈሰ ሰው ጎኑ እየታጠፈ እንዲግል ያደርገዋል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። ግፊት የሚለካው ባደርንበት ቦታ፣ ፀሐይ ሳይነካው ነው። የግራር እሾህና ከከባድ መኪና ጎማ የተቀደደ ሽቦ በአዋሽና በሚሌ መካከል ካለችው ገዋኔ ወዲህም ወዲያም ስለማይጠፋ ለፊትም ለኋላም አዲስ ከመነዳሪ መያዝ ግድ ነው፤ ማጣበቂያው በሙቀት ቱቦው ውስጥ ስለሚደርቅ በእሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። የፊቱ ጎማ 21፣ የኋላው 18 ለሆነ ሞተር አንድ ብቻ ይበቃል ከተባለ የ21ዱ ይያዝ፤ ተጠቅጥቆም ቢሆን 18ቱ ውስጥ ይገባል፣ የ18ቱ ግን ወደ 21 አይሄድም። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ በየከተማው መካከል ግን የለም።

ቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ብለን እንያዝ። ከአዋሽ ሚሌ 290 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 11 ሊትር የሚይዝ ታንክ ያደርሳል፤ ግን ማደያ ውስጥ ቤንዚን መኖሩ የዕለቱ ዕድል ነውና ግማሽ ሲቀር መሙላት ነው። በጠዋት ብርድ እስከ አፉ አይሞላም፤ በ30 ዲግሪ ልዩነት 11 ሊትሩ በሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ይነፋል። ሌላው የታንኩ ክዳን ነው። የመተንፈሻ ቀዳዳው በአቧራ ከተደፈነ ሞተሩ እየተንገታገተ ይጠፋል፣ ሰዉም ካንዴላ መንቀል ይጀምራል። መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈት፤ «ሽሽሽ» ካለ ችግሩ ተገኝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በቴሌብርና በመሰሎቹ ስለሆነ ስልኩን እጀታ ላይ ፀሐይ ማስመታት ገንዘብን ማስመታት ነው፤ ስልክ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፦ በአሮጌው መንገድ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ከዚያ ወለንጪቲና መተሐራ። የዝናብ ልብስ አዳማ ላይ ይወልቃል። በሰቃ ሐይቅን ጥሎ፣ የአዋሽን ፓርክ አቋርጦ አዋሽ ሰባት ማደር። ከዚያ ቀኝ ወደ ድሬዳዋ፣ ግራ ወደ ሚሌ ነው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ገዋኔ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት፣ ሚሌ ቢዘገይ አምስት ሰዓት ላይ ይደረሳል። እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ስር ነው። ቀሪው የሎግያና የሰመራ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ለማታው ጀንበር ይበቃል፣ ጨለማውን ግን ለግመልና ለጅቡቲ መኪኖች መተው ነው፤ ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል።

ልብስ ማውለቅ የሚያቀዘቅዝ ይመስላል። አየሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን ግን ንፋሱ ራሱ ሙቀት ያመጣል፣ ላቡንም ሥራውን ሳይሠራ ያደርቀዋል። ጃኬቱ ይለበስ፣ ከስር የራሰ የጥጥ ካናቴራ፣ አንገት ላይ የራሰ ሽርጥ። ውኃ በሰዓት አንድ ሊትር ነው፣ ከአዋሽ አምስት ሊትር ተይዞ ገዋኔ ላይ ይሞላል። ውኃ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማንኪያው ልክ እስከ ጠርዙ። ጓደኛ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው መቆም ነው። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን ውኃውን ማጠጣት ሳይሆን ሰውነቱ ላይ ማፍሰስ፣ ማራገብና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደረቅ ወንዝ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ ያለው ምዕራብ ተራሮቹ ላይ ነው። ወንዝ ውስጥ ሞተር አይቆምም፣ አይታደርም። ከሰመራ አልፎ ወደ አፍዴራ፣ ኤርታ አሌና ዳሎል መሄድ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይቆይ፤ በሐምሌ የምንመለሰው ከሰመራ ነው። የመንገዱ ጸጥታ ደግሞ ከመነሳት በፊትም አዋሽ ላይም ሹፌሮችን ተጠይቆ ይታወቃል።

ሲመለሱ የወረደው ጄት አዳማ ላይ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልተመለሰ ሞጆን አልፎ ሞተሩ ይታነቃል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የአየር ፊልትሮውም ያን ዕለት ይወጣል፤ ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ዘይት ታሽቶ ይገባል።