የወንበር ድርደራ ወራት

ዛሬ ጠዋት በጽሞና ሰዓቴ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3ን አነበብኩ። ሦስት ነገሥታት ለጦርነት ወጥተው፣ 7 ቀን ከተጓዙ በኋላ ውኃ አልቆባቸዋል። ከሦስቱ አንዱ፣ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ፣ ነቢይ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከእስራኤል ንጉሥ አገልጋዮች አንዱ ኤልሳዕ አለ ይላል። የትኛው ኤልሳዕ? በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረው።

እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ እኮ ኤልሳዕ ዮርዳኖስን ከፍሎ ተሻግሯል። የኢያሪኮን ውኃ ፈውሷል። ሰውየው አንዱንም አላነሣም፤ የሚያውቀው ማስታጠቡን ነው። ኤልሳዕ ደግሞ 12 ጥማድ በሬ ከሚታረስበት እርሻ ላይ የተጠራ ነው። እሱን የሚያስታጥበው ሰው ያጣ አይመስለኝም።

የእኔ ነገር ተገላቢጦሽ ነበር። ጌታን ባገኘሁ በስድስተኛው ወር ማይክ ይዣለሁ። መናገር አያቅተኝም። ሰዎች «ቅባት አለው»፣ ማለትም የመንፈስ ቅዱስ ኃይል አለበት ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም አመንኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መጽሐፍ ቅዱስ የምከፍተው ስብከት ፍለጋ ብቻ ሆነ። ጸሎቴም ከመድረክ ስወርድ አብሮኝ አይወርድም ነበር። ቤት ውስጥ ቁጡ ነበርኩ፤ ይሄን የቤቴ ሰዎች ይመሰክራሉ።

አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ትንሽ ዕረፍ። እስከዚያው ወንበር ከሚደረድሩት ጋር ሁን» አሉኝ። ተቀየምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ማማተር ሁሉ ጀምሬ ነበር።

አንድ እሑድ በጠዋት ገብቼ አምስት ረድፍ ደረደርኩ። አንድ ወጣት መጣና ምንም ሳይለኝ ሁሉንም ወደ ኋላ ገፋቸው። ደሜ ፈላ። ቀኑን ሙሉ አልበረደልኝም። ማታ ነው የገባኝ፤ ለወንበር እንዲህ የሆንኩ ሰው የሰው ነፍስ ቢሰጠኝ ምን ላደርጋት ነው? ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ኤጲስ ቆጶስ በትዕቢት እንዳይነፋ አዲስ አማኝ አይሁን ያለውን እንደ ስድብ ነበር የማነበው። ከዚያ ማታ በኋላ እንደዚያ አላነበብኩትም።

ሙሴ 40 ዓመት በምድያም ቆየ፣ ዮሴፍም 13 ዓመት ጠበቀ ሲባል ሁሌ እንሰማለን። እኔ ግን መቆየት ብቻውን ሰው ይሠራል ብዬ አላምንም። እንደኮረፈ የሚያረጅም አለ። ማርቆስ በአገልግሎት ጉዞ ላይ ጳውሎስንና በርናባስን ጥሏቸው ከጵንፍልያ ተመለሰ፤ ጳውሎስ ዳግመኛ አልወስደውም አለ። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። በኋላ ጳውሎስ ራሱ «ለአገልግሎት ይጠቅመኛል» ብሎ አስጠራው። ወደ መድረክ የሚገፋ ሞልቷል። የወደቀውን ይዞ የሚሄድ በርናባስ ነው የጠፋው። ለእኔ እኚያ ሽማግሌ ነበሩ። አሁንም ድረስ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ስለ አገልግሎት አይጠይቁኝም፤ «ምን አነበብክ?» ብቻ ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ሳምንት የአዳዲስ አማኞችን ትምህርት እንድይዝ ተጠየቅሁ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም። እሑድ ግን ቀደም ብዬ እገባለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እግሩ የላላ ወንበር አለ፤ ሰው ሳይቀመጥበት ላጥብቀው።