የማንሻ ገመድና መንጠቆ የምፈትሽበት መንገድ

ስለ ክሬኑ ሞተር የሚጨነቅ ሞልቷል። እኔን የሚያስጨንቀኝ በክሬኑና በጭነቱ መሃል ያለው ዕቃ ነው። ገመዱ፣ ሰንሰለቱ፣ መንጠቆው፣ ሻክሉ (በፒን የሚዘጋው የብረት ማያያዣ)።

መጀመሪያ አጸዳለሁ። በግሪስና በጭቃ የተለበጠ ገመድ ምኑም አይታይም። ከዚያ ጓንት አድርጌ፣ የሽቦ ገመዱን በጨርቅ ጨብጬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብዬ እስባለሁ። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ቀጨም ያደርገዋል። እዚያው ቆሜ ገመዱን ጎበጥ አደርገዋለሁ፤ ገመዱ ቀጥ ሲል የተደበቀው የተበጠሰ ሽቦ፣ ሲጎብጥ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ቆጠራ ነው። የሽቦ ገመድ የሚሠራው ከተጠማዘዙ የሽቦ ዘለላዎች ነው። አንዱ ዘለላ ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ በሚጨርስበት ርዝመት ውስጥ 10 የተበጠሱ ሽቦዎች ካሉ፣ ወይም በአንድ ዘለላ ላይ ብቻ 5 ካሉ፣ ያ ማሰሪያ፣ ማለትም ጭነቱን ከክሬኑ መንጠቆ ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ አበቃለት። እኔ የምመራበት ደንብ ይሄ ነው። ለክሬኑ ለራሱ ገመድ ቁጥሩ ሌላ ነው።

መንጠቆን በዓይን መገመት አልወድም። አፉን በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያ) እለካለሁ። አዲስ ሳለ 40 ሚሊሜትር የነበረው 42 ከደረሰ 5 በመቶ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከመጠን በላይ ተጭኖበታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልክ ዕቃው አዲስ እያለ መመዝገብ ግድ ነው። ከጨርቅ በተሠራው የማንሻ ቀበቶ ላይ ደግሞ የአቅም መለያው ከጠፋ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም፤ ስንት ቶን እንደሚችል የማይታወቅ ዕቃ አይነሳበትም።

ደህና የሆነ ዕቃም በአያያዝ ይበጠሳል። ጭነት በሁለት ማሰሪያ ሲነሳ፣ ማሰሪያዎቹ ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካሉ እያንዳንዳቸው የጭነቱን ሙሉ ክብደት ይሸከማሉ። ግማሽ ግማሹን አይደለም! ይህን ለሠራተኞች መሬት ላይ ሥዬ ነው የማሳየው።

ከሁሉም የሚከብደው «አይሠራም» ማለት ነው። «ትናንት አንስቶ የለም እንዴ?» ይለኛል ፎርማኑ። ትናንት ማንሳቱ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ ሽቦ የሚበጠሰው አንድ በአንድ ነው። ቀይ ቀለም ቀብቶ ጥግ ማስቀመጥም አይበቃም። ሥራ ሲጣደፍ አንዱ መዝዞ ያወጣዋል። ስለዚህ የጣልኩትን ገመድና ቀበቶ እዚያው ለሁለት እቆርጠዋለሁ፣ መንጠቆውን በግራይንደር እከፍለዋለሁ፣ ቁጥሩንም ከመዝገብ እሰርዛለሁ።