አባት ሆይ፣ ስማኝ

አማርኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በእጄ ካለፉት ሠልጣኞች መካከል፣ ገና በአራተኛ ሳምንቱ እንደዚያ ወጣት አሳምሮ የሚጸልይ አላጋጠመኝም። ሃያ ዓመት ሞልቶት ብዙም ያልቆየ፣ ከዚያ በፊት ከእናቱ ቋንቋ ሌላ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ፣ ዐይኑን ጨፍኖ «አባት ሆይ፣ ስለ ሰጠኸን ቀን አመሰግንሃለሁ፤ እባክህ ልመናችንን ስማ» ብሎ ሲጀምርና ሳይደናቀፍ እስከ «አሜን» ሲዘልቅ ያዳመጠው ሰው፣ ሁለትና ሦስት ዓመት አገር ውስጥ የኖረ ሊመስለው ይችል ነበር። ኃላፊዎች ክፍሉን ሊጎበኙ ሲመጡ ተነሥቶ እንዲጸልይ የማደርገውም እርሱን ነበር። እንግዶቹ ተደንቀው ሲወጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋናው ለእኔም እንደሚደርሰኝ ይሰማኝ ነበር።

ሥራዬ ለአገልግሎት ወደ ኢትዮጵያ የሚላኩ ወጣት ሚስዮናውያንን ከጉዟቸው በፊት ለዘጠኝ ሳምንታት አማርኛ ማስተማር ነበር። ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለመረዳት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ የሚጠቀምበትን መመዘኛ መመልከት ይበቃል፤ በዚያ መመዘኛ አማርኛ ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ ተመድቦ፣ ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ ላይ ለመድረስ 44 ሳምንት፣ ማለትም 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚጠይቅ ተቀምጧል። እኛ ግን ከዘጠኙ ሳምንታት ላይ እንኳ ለሃይማኖት ትምህርትና ለጉዞ ዝግጅት እየቆረስን የምንሰጥ ስለነበርን፣ መምህሩ ከምን እንደሚጀምርና ምንን እንደሚተው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። እኔ ጸሎትን አስቀደምኩ።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጸሎት አጭር ነው፤ ቅርጹ የታወቀ ነው፤ ቃላቱ በየቀኑ ይደጋገማሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚጸልይን ሰው ማንም አያቋርጠውም። ሠልጣኙ የማያውቀው ቃል ላይ ሲደርስ ወደሚያውቀው ታጥፎ «አመሰግንሃለሁ» ቢል ስሕተቱ አይታወቅበትም። በመጀመሪያው ሳምንት አፉን ስለሚፈታ ይደፋፈራል፤ የመጣበት ዓላማም ይኸው ስለሆነ በፍቅር ያጠናዋል። ልብ ያላልኩት፣ እነዚህ እንደ ጥቅም የቆጠርኳቸው ነገሮች ሁሉ ከሰው ጋር መነጋገርን የማያስተምሩ መሆናቸውን ነው። የጸሎት መልስ በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ በአማርኛ ክፍል ውስጥ ግን በድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ሠልጣኞቼ አራት ሳምንት ሙሉ ሲናገሩ ቆይተው መልስ ማዳመጥን አንድም ቀን አልተለማመዱም።

ሌላም ነገር ነበር። አማርኛ ለታላቅ ሰው «እርስዎ» እያለ፣ ለእግዚአብሔር «አንተ» ይላል፤ «ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ» ስንል ያደግን ሰዎች ይህ ምንም አይገርመንም፤ ቀረቤታና ልዩ ክብር አንድ ላይ የተሸከመ «አንተ» መሆኑን ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። በጸሎት አፉን የፈታ የውጭ ሰው ግን የሚያውቀው ሁለተኛ መደብ በሙሉ «አንተ» ነው፤ የሚያውቀው ትእዛዝም «ስማ»፣ «ስጠን»፣ «ና» ነው። የአክብሮት አነጋገር በእኔ ዕቅድ ውስጥ የተመደበው በስድስተኛው ሳምንት ነበር። ወጣቱ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲኖረው በራሱ ቋንቋ ስለሚጠይቀኝ፣ እኔን እንኳ በአማርኛ ምን ብሎ እንደሚያነጋግረኝ ተፈትኖ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በከተማው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች መጥተው ከሠልጣኞቹ ጋር ይጫወቱ ነበር። ከእነርሱ መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው የሚቀመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሁልጊዜ ከባለቤታቸው ጋር ነበር የሚመጡት፤ የዚያን ዓርብ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ብቻቸውን መጡ። እኔ ለቅሶ ደርሼ ስለነበር አውቃለሁ፤ ለሠልጣኞቹ ግን አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። ጎበዙን ተማሪዬን ከእርሳቸው ፊት አስቀመጥኩትና እኔ ከጎን ቆምኩ።

«ጤና ይስጥልኝ! ደህና ነህ?» አለ ወጣቱ፣ በፈገግታ እጁን ዘርግቶ።

ሽማግሌው ጥቂት ቀና ብለው አዩት፤ የውጭ ሰው ነው ብለው አለፉት መሰለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አባት እናት አሉህ?»

«አዎ! አባት አለኝ። እናት አለኝ።»

«ያቆይልህ። እኔ እንኳ ዘንድሮ ብቻዬን ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈች ይኸው ሦስት ወሯ።»

የወጣቱ ፊት ሲበራ አየሁ። «ባለቤቴ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ «ማረፍ»ንም ስለ ሰንበት ስናነብ እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ፍቺውን ግን አላስተማርኩትም። ስለዚህ የሰማው፣ የሰውየው ሚስት ቤቷ ተቀምጣ እያረፈች መሆኗን ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስላላወቀ ወደሚያውቀው ታጠፈ።

«ስለዚህ ነገር በጣም አመሰግንሃለሁ» አለ።

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ጨዋታቸውን አቆሙ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ትንሽ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ወጣቱ ምን እንዳጠፋ ባያውቅም ማጥፋቱ ገብቶታል፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ፣ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ሲፈልግ ቆየና፣ ከሚያውቀው አማርኛ ሁሉ ትሕትና የሞላበት የመሰለውን መርጦ አወጣ።

«አባት ሆይ፣ እባክህ ስማኝ!»

አንድ ጎረምሳ ሽማግሌን «ስማኝ» ሲል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ፣ ቀጥሎ የሚጠብቀው ጠብ ነው። እኔ በድንጋጤ ልገባበት አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ። «እኔማ ሰምቼሃለሁ ልጄ፤ አንተ አልሰማኸኝም እንጂ» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አትቆጪው መምህርት፤ ዳዊት እየደገመልኝ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ «አቤቱ፣ ጸሎቴን ስማኝ» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው።

ማታ ወጣቱ ክፍል ድረስ መጥቶ የሆነውን እንድነግረው ለመነኝ። ነገርኩት። «ማረፍ» መሞት እንደሚሆን ሲረዳ ለብዙ ጊዜ ወለሉን ሲመለከት ቆየ። እንዲቆጣኝ ወይም እንዲያዝን እየጠበቅኩ ሳለ፣ ቀና ብሎ በራሱ ቋንቋ የጠየቀኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «መምህርት፣ ‹አልገባኝም› በአማርኛ ምን ይባላል?»

አራተኛው ሳምንት ላይ ነበርን። ስለ ምሕረትና ስለ ተስፋ መናገር የሚችል ሠልጣኝ፣ አልገባኝም የሚልበትን ቃል አልሰጠሁትም። የማስተማሪያ ደብተሬን ገልጬ ሳይ ቃሉ በሰባተኛው ሳምንት፣ «የሆቴልና የመጓጓዣ ንግግር» በሚለው ርእስ ሥር ተጽፎ አገኘሁት።

የበለጠ ያሳፈረኝ፣ ትክክለኛውን መንገድ በየዙሩ የመጀመሪያ ሳምንት እንደ ታሪክ እየተረክሁ የማልፍ መሆኔ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድም ቀን ሳይረግጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው፤ የእውቀቱ ምንጭ ደግሞ በ1652 ከሮም ወደ ጀርመን ተጠርተው የሄዱት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። እየጠየቀ፣ መልሳቸውን እያዳመጠ፣ መልሶ እየጠየቀ ጻፈ። ከእርሱ በኋላም ሚስዮናዊው ኢዘንበርግ በ1841 መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ሰዋስው ለንደን ውስጥ ሲያሳትም፣ አስቀድሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ ቋንቋውን ከባለቤቶቹ አፍ ለቅሞ ነበር። እኔ ይህን ለሠልጣኞቼ ሳወራ ዓላማዬ ሥራቸውን እንዲያከብሩት ነበር፤ የራሴን ክፍል በዚህ መስታወት አላየሁትም።

ሰኞ ዕለት ዕቅዱን ገለበጥኩት። ጸሎቱን አልሰረዝኩትም፤ ለሚቀጥሉት ዙሮች ወደ ሦስተኛው ሳምንት ገፋሁት። በመጀመሪያው ቀን የሚያዙት ቃላት «አልገባኝም»፣ «ይድገሙልኝ»፣ «ቀስ ብለው ይንገሩኝ»፣ «ምን ማለት ነው?» ሆኑ። ከያዝኳቸው ሠልጣኞች ጋር ደግሞ፣ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ እኔ አንዳንዴ አያት፣ አንዳንዴ የቢሮ ጸሐፊ፣ አንዳንዴ ሕፃን እየሆንኩ ሳወራ፣ እነርሱ መልስ መስጠት ተከልክለው የሰሙትን ብቻ እንዲነግሩኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ የመጨረሻው ለወጣቶቹ እንደ ቅጣት ነበር፤ ለመናገር የመጣን ሰው አፉን አስይዞ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም።

«እርስዎ»ን ያስተማርኩበት ሳምንት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ያው ጎበዝ ተማሪዬ በማግሥቱ ለጸሎት ሲነሣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ እርስዎ በሰማይ የሚኖሩ» ብሎ ጀመረና ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ። የጎረቤት ክፍል መምህርት ይዛት የመጣችውን የአምስት ዓመት ልጅም «እንደምን አደሩ?» ብሎ ተቀበላት። ልጅቱ ወደ ኋላዋ ዞራ ሰው ፈለገች።

ከዚያ የመጣው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን የትኛው ድምፅ እንደሚጠብቅ አያሳይም፤ አንባቢው ከራሱ ይጨምርበታል። ወጣቱ «ጸሎታችን ይሰማል» የሚለውን እያላላ ስለሚያነበው፣ የሚሰማው ጸሎት ራሱ ጆሮ አውጥቶ አዳማጭ ይሆን ነበር። «ሰ»ንና «ማ»ን እንዲያጠብቅ ለሁለት ቀን አሠራሁት፤ ገባው። የገባው ግን ከሚገባው በላይ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ማጥበቅ ጀመረ፤ ከአፉ የሚወጣው አማርኛ ሁሉ ዱላ የያዘ ይመስል ነበር።

በዚሁ መካከል የሐዘን ቃላት ማስተማር እንዳለብኝ ግልጽ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለውን ሁሉም ወዲያው ያዙት። «ነፍስ ይማር» ላይ ግን አመነታሁ፤ ስለ ሙታን መጸለይን በተመለከተ የቤተ እምነቶች አቋም ስለሚለያይ፣ የሠልጣኝን እምነት በቋንቋ ትምህርት ስም መንካት የእኔ ድርሻ አይደለም። በመጨረሻ ትርጉሙንና ማን ለማን እንደሚለው አስረድቼ፣ ማለቱንና አለማለቱን ለየራሳቸው ተውኩት። መቼም ሲባል ሰምቶ መረዳት የማይችል ሰው ለቅሶ ቤት ሊገባ አይገባውም።

ሽማግሌው በተከታዩ ዓርብ አልመጡም። የቀሩበት ምክንያት የእኛው ነገር ይሆን ብዬ ስብከነከን ሰነበትኩ፤ ኋላ ስደውል ጉንፋን ይዟቸው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጡና ያው ቦታቸው ላይ፣ ያው ከዘራቸውን ደግፈው ተቀመጡ። ወጣቱን አልላክሁትም፤ ራሱ ሄደ። ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ሰነበቱ፣ አባባ?» አለ። ከዚያ ሲያጠናው ያደረውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፦ «ባለፈው አልገባኝም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እባክዎ ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ቁጭ እንዲል በከዘራቸው ጫፍ ወንበሩን አመለከቱት። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩለት። የት እንደተዋወቁ፣ ምን ያህል እንደምትቀልድ፣ በመጨረሻው ሰሞን ማታ ማታ ምን እንደምትል። ወጣቱ አራት ጊዜ «ይድገሙልኝ» ሲል ቆጠርኩ፤ አራቱንም ጊዜ ሽማግሌው ከመጀመሪያው ቀስ ብለው ደገሙለት። ከሦስት ወር ወዲህ ያንን ታሪክ አስደግሞ የሰማቸው ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ወጣቱም ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ቀጥሎም፣ እኔ ሳልጠብቅ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ነገር ግን እንደ ልማዱ «ማ»ን አጥብቆ፣ ትምህርት ቤት እንደሚላክ ልጅ አድርጎ ነው ያለው።

ሽማግሌው መጀመሪያ አቀርቅረው ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። እየሳቁ ነበር።

«እሷስ ተምራ ጨርሳለች ልጄ» አሉ፣ ዐይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፤ «የቀረኸው አንተ ነህ።»