ጠገራ ብር በቲክቶክ ላይቭ ከመግዛታችሁ በፊት

«1780 የተጻፈበት፣ የመጨረሻው ነው!» ሲባል በቴሌብር ለመክፈል አትቸኩሉ። 1780 (በፈረንጆች) ጠገራው ላይ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል፤ ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግራችሁም።

እውነተኛው 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከመቶ 83.3 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ማግኔት አይስበውም። በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። በቅርጽ ማፍሰሻ የተሠራው ሐሰተኛ ግን ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል።

ክብደቱ ቢመሳሰል እንኳ ውኃ ያጋልጠዋል። ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አድርጉና ወደ ዜሮ መልሱት። ጠገራውን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታቹን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት፤ ከ3 ካለፈ ተዉት።

ላይቭ ላይ ያያችሁትና በአውቶቡስ የሚላክላችሁ አንድ መሆኑን ምንም አያረጋግጥም። ሻጩ ባሕር ዳር ካለ፣ ወርቅ ቤት ተገናኙ፤ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ክፈሉ። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

«ከጣና ገዳም የወጣ ብራና» የሚላችሁን ግን ጨርሶ አትጠጉ። የገዳም ንብረት ነው፤ የተሰረቀ ቅርስ የገዛ ሰው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ለፖሊስ ወይም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳዩ።