ሁለቱ ጆኖች፦ የስኮትላንድ ዘር ቆጠራዬ ስምንተኛ ወር

ባለፈው «ጆንን አገኘሁት!» ብዬ ጮቤ ስረግጥ ያያችሁኝ፣ ይቅርታ፣ ከስኮትላንድ የፈለሰው የባለቤቴ ዘር ነው ያልኩት ጆን የእኛ ሰው አይደለም። ሞተ ብዬ ከመዘገብኩት ከአራት ዓመት በኋላ መሬት ሲሸጥ አገኘሁት።

ለአዲሶች፦ የምቆጥረው የባለቤቴን የእናቱን ወገን ነው። እኔን አያቴ እስከ ሰባት ቤት ታስቆጥረኝ ነበር፤ እሱ አሜሪካዊ ነው፣ ከቅድመ አያቱ በላይ አያውቅም። ስማቸው በ«ማክ» ይጀምራል። በጌሊክ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ነው፣ እንደኛ «ወልደ»። በ1770ዎቹ ከስኮትላንድ ተነስተው አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ከምበርላንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ) ገቡ ይባላል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ እንዳለ ገለበጥኩት። ሦስት ወር አለቀ። ለካ እዚያው ካውንቲ ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ጆኖች ነበሩ። አንደኛው በ1739 ከምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከአርጋይል ከመጡት ወደ 350 ከሚሆኑ ሰዎች ወገን ነው። የእኛው ገና አገሩ ነበር።

ጆን የሚበዛበት ምክንያት አለው። በድሮው ልማድ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በራሱ በአባቱ። አንድ አያት አምስት ወንድ ልጅ ከወለደ አምስት የሚመሳሰል የልጅ ልጅ አለ ማለት ነው። ሁሉም ቤት ግን ልማዱን አልጠበቀም። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ያወጣችኝ የእኛው ጆን ሚስት ናት። ካሮላይና ውስጥ በባሏ ስም ነው የተጻፈችው። ስኮትላንድ ግን ያገባች ሴት መዝገብ ላይ በአባቷ ቤተሰብ ስም ነበር የምትገባው፤ የመቃብር ድንጋይ ላይም ሳይቀር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ አልተጋቡም?» አለኝ። እናቴ እስከ ዛሬ የምትጠራው በአባቷ ስም እንደሆነ ረስቶት ነው። ኑዛዜው ላይ ጆን ለሚስቱ ወንድም ሁለት ላም ይተዋል፣ የሰውየውም ስም ከነቤተሰብ ስሙ ተጽፏል። የሚስትየዋ የቤተሰብ ስም በዚያ መጣልኝ።

መርከቡን ገና አላገኘሁም። ያኔ ቅኝ ግዛቱም አገሩም የአንድ ንጉሥ ስለሆነ የተሳፋሪ ዝርዝር በወግ አይያዝም ነበር። ከ1773 መጨረሻ እስከ 1775 ግን ሰው በጣም ሲፈልስ መንግሥት ደነገጠና የጉምሩክ ሰዎች የተሳፋሪውን ስም፣ ዕድሜና የሚሄድበትን ምክንያት እንዲጽፉ አዘዘ። ባችለር የምትባል፣ ሊዝ (Leith) የሚባለው የስኮትላንድ ወደብ መርከብ ወደ ካሮላይና ስትሄድ ማዕበል ሼትላንድ ደሴቶች ላይ ጣላት፣ ሰዎቹም በ1774 እዚያው ሌርዊክ ከተማ ላይ ተጠየቁ። ከሰሜን ስኮትላንድ፣ ከሰዘርላንድ የመጣ ዊልያም ጎርደን የሚባል ገበሬ አለ፣ ዕድሜው ከ60 በላይ። አያቱ 8 ሜርክ (የድሮ የስኮትላንድ ገንዘብ) ኪራይ የከፈለበት መሬት እሱ ጋ ሲደርስ 60 ሜርክ ሆኗል። በ1771 ብርዱ ሲከፋ ከብቶቹ አልቀዋል። ሁለት ልጆቹ ካሮላይና ሆነው ና ብለው ጽፈውለታል። የምሄደው ለልጆቼ ብዬ ነው ይላል፤ እሱማ አርጅቷል፣ ያነክሳል፣ የትም አገር ቢሞት ለእሱ አንድ ነው። የእኛ ሰው አይደለም። ግን ያን ማታ ሌላ ነገር መፈለግ አቃተኝ፣ ሻይዬም ቀዘቀዘ።

ቀጥሎ በሚስትየዋ ስም የአጥቢያ መዝገቦቹን አያለሁ። የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በ1855 ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሃይላንዶቹ (የስኮትላንድ ደጋ አገር) ደግሞ ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚጀምሩት። ብዙ ተስፋ አላደርግም።

አማቴ በዚህ መሀል የጎሳ አለቃ ዘር ነን ብለው የጎሳውን ባለ መስመር ጨርቅ ሳሎን ሰቅለዋል። ተራው ጭሰኛም የአለቃውን ስም ይይዝ እንደነበር ገና አልነገርኳቸውም።