የቅጠልን ሁለት የአተነፋፈስ መስመሮች በኦክስጅን አይሶቶፕ ስለካ

በዕፅዋት ማይቶኮንድሪያ (ሕዋስ ጉልበት በሚያመነጭበት ክፍል) ውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን የሚደርስባቸው መስመሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ፣ ሌላው የአማራጭ ኦክሲዴዝ፤ ሁለቱም ኢንዛይሞች ናቸው። በሁለተኛው የሄደ ኤሌክትሮን ፕሮቶን እየገፉ ጉልበት ከሚያጠራቅሙት ጣቢያዎች ሁለቱን ስለሚዘል ጉልበቱ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የአኩሪ አተር ቅጠል በጨለማ ለእያንዳንዱ መስመር ምን ያህል እንደሚሰጥ ማወቅ ፈለግሁ።

መጀመሪያ አቋራጭ መረጥሁ። አማራጩን መስመር ሳሊሲልሃይድሮክሳሚክ አሲድ በሚባል መርዝ ዘጋሁና አተነፋፈሱ የቀነሰበትን መጠን የመስመሩ ድርሻ ነው ብዬ መዘገብሁ። ስሕተት ነበር። አንዱ ሲዘጋ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ሌላው ሊዞሩ ስለሚችሉ ቅናሹ የቀድሞውን ክፍፍል አይናገርም።

አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለይ ዓይነት) ግን መስመሮቹ ሳይዘጉ ይመሰክራል። ሁለቱም ኢንዛይሞች ቀላሉን ኦክስጅን-16 ያስቀድማሉ፤ አማራጩ ከሳይቶክሮሙ ይልቅ አብዝቶ ያበላልጣል፣ ማለትም ከባዱን ኦክስጅን-18 ይበልጥ ይተዋል። ቅጠሉን በጨለማ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጬ በየጊዜው ጥቂት አየር እቀዳለሁ፤ ውሃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወግጄ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር (አይሶቶፖችን በክብደታቸው ለይቶ ወደሚለካ መሣሪያ) አስገባለሁ። ኦክስጅኑ ባነሰ ቁጥር የተረፈው በኦክስጅን-18 ይበለጽጋል። የተረፈው ኦክስጅን መጠን ለውጥና የኦክስጅን-18 ድርሻው ለውጥ በሎጋሪዝም ሲነጻጸሩ የሚወጣው ቀጥታ መስመር ተዳፋት የማበላለጡን መጠን ይሰጣል።

የመጀመሪያው ውጤቴ 16 በሺህ ሆነ። ሳይቶክሮም ብቻውን ቢሠራ እንኳ ወደ 19 በሺህ ይጠበቃል፤ ቅጠሉ ሊሰጠው የማይችለው ቁጥር ነበር። ኦክስጅን ወደ ቅጠሉ ውስጥ ቶሎ እየዘለቀ አይደለም ብዬ ስጠረጥር ሰነበትሁ። በመጨረሻ ባዶውን ዕቃ በሂሊየም ሞልቼ ጠበቅሁ፤ ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ክዳኑን ስከፍት በጎማው ቀለበት ሥር ለዓይን የምታስቸግር አንዲት የቅጠል ፀጉር ተጋድማለች። በእርሷ በኩል የገባው የውጭ አየር የበለጸገውን ኦክስጅን ያቀጥነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ባዶውን ሳይፈተሽ ቅጠል አይገባበትም።

የጣልሁት በመርዝ የመዝጋት ዘዴም ትክክለኛ ቦታውን አገኘ፤ ሁለቱን ዳርቻዎች፣ ማለትም እያንዳንዱ መስመር ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠውን ቁጥር ለማወቅ። ሳይቶክሮሙን በፖታሲየም ሲያናይድ ስዘጋ የአማራጩ ብቻ 29 ወጣ፤ አማራጩን ስዘጋ የሳይቶክሮሙ ብቻ 19 ሆነ። ያልተነካው ቅጠል 22 ስለሰጠ ከ19 ያለፈው 3፣ በዳርቻዎቹ መካከል ላለው 10 ሲካፈል የአማራጩ ድርሻ 30 በመቶ ነው። ወደ ሥር ስሻገር ግን ዳርቻዎቹን እንደገና ለካሁ፤ አማራጩ ኦክሲዴዝ በአረንጓዴ ቅጠል የሚያበላልጠውን ያህል በሥር አያበላልጥምና።